ምስልና ሥፍራው፤ ስለ ቀራፂው ጃኮብ ኤፕስታይን ሥራዎች የቀረበ ሒስ

በሃያኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ከሠሩት ቀራፂዎች መካከል እንደ ጃኮብ ኤፕስታይን ብዙ ክርክር ያስነሣና ብዙ ስድብ የተቀበለ ሰው አይገኝም። ከ1908 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ለሠላሳ ዓመታት ያህል አዲስ የደንጊያ ሥራ ለሕዝብ ባቀረበ ቍጥር ጋዜጦች ይነሡበት፥ የሥነ ምግባር ጠባቂ ነን የሚሉ ማኅበሮችም ይከሱት ነበር። ስለ እርሱ የተጻፈው ብዙ ቢሆንም፥ የሚበዛው ወይ ክስ ነው ወይ የክስ መልስ ነው። የሕዝቦችን ባህል የሚያጠና ሰው ግን ከዚህ ሙግት ሌላ ነገር ሊያወጣ ይችላል። ይኸውም፥ የተቀረፀ ምስል የሚከበረው ወይም የሚናቀው ስለ ቅርፁ ብቻ ነውን? ወይስ የቆመበት ሥፍራና የሚገለገልበት ሕዝብም ይፈርዱበታል? የሚለው ጥያቄ ነው። የኤፕስታይን ሥራዎች ያገኛቸው ዕጣ ለዚህ ጥያቄ በቂ ማስረጃ ይሰጣል ብለን እናምናለን።

ኤፕስታይን በ1880 በኒው ዮርክ ከተማ፥ ከፖላንድ ከተሰደዱ የአይሁድ ወላጆች ተወለደ። ስለ ከተማይቱ የአይሁድ ሰፈር በ1902 ለታተመ መጽሐፍ ሥዕሎችን ሠርቶ ባገኘው ገንዘብ ወደ ፓሪስ ተሻግሮ ቅርፃ ቅርፅ ተማረ። በ1905 ወደ ሎንዶን ሄደ፤ በኋላም የእንግሊዝን ዜግነት ተቀብሎ በዚያው ኖረ። በብሪታንያ ቤተ መዘክር ያያቸው የአሦርና የግብፅ ሥራዎች ከትምህርት ቤት መምህራኑ ይልቅ ያስተማሩት ይመስላል። የአፍሪካንና የደቡብ ባሕር ደሴቶችን ቅርፃ ቅርፅም ሰብስቦ ብዙ መቶ ሥራዎች በቤቱ አከማችቶ ነበር።

የመጀመሪያው ሁከት የተነሣው በ1908 ነው። ሥነ ሕንፃ ዐዋቂው ቻርልስ ሆልደን በሎንዶን ስትራንድ በሚባለው ጎዳና ለእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር ላሠራው ሕንፃ፥ ኤፕስታይን ዐሥራ ስምንት ዕርቃናቸውን የሆኑ ምስሎች ቀረፀ። ምስሎቹ የሰውን ልጅ ዕድሜ ከእናትነትና ከሕፃንነት ጀምሮ እስከ እርጅና ድረስ ያሳዩ ነበር። ስድቡ ቢበዛም ሐኪሞቹ አላስነሧቸውም፤ የሰው አካል ለሐኪም ነውር አይደለምና። በ1935 ግን ሕንፃውን በቅኝ ግዛት የነበረችው የደቡብ ሮዴዥያ መንግሥት ገዛው። በ1937 ከምስሎቹ ስባሪ በመውደቁ ለአላፊ አግዳሚው ያሰጋሉ ተብሎ ራሳቸውና እጃቸው ተቈርጦ እንዲወርድ ተደረገ። የቀረው ጉማጅ፥ ሕንፃው የነፃይቱ ዚምባብዌ ኤምባሲ ከሆነም በኋላ፥ በግድግዳው ላይ እንዳለ ቆይቷል። ለደኅንነት ተብሎ የቀረበው ምክንያት እውነት ቢሆን እንኳ፥ ምስሎቹ ትርጕማቸውን የሚያውቅላቸውን ባለቤት በማጣታቸው ተከራካሪ እንዳልነበራቸው መገመት አያዳግትም።

ከዚያ በኋላ በተነሡት ክርክሮች የተነገሩት ቃላት ራሳቸው ሊጠኑ የሚገባቸው ናቸው። በ1925 ለጸሐፊው ዊልያም ሄንሪ ሃድሰን መታሰቢያ በሃይድ ፓርክ የቆመው «ሪማ» የተባለው ቅርፅ በተመረቀበት ዓመት አረንጓዴ ቀለም ተደፋበት። በ1931 የታየችው «ዘፍጥረት» የተባለችው ነፍሰ ጡር የእብነ በረድ ሴት ደግሞ፥ ፊቷ የአፍሪካን ጭንብል ስለሚመስል አረመኔያዊ ናት ተባለች። እነዚህ ቃላት አዲስ አይደሉም። «አረመኔ»፥ «ጣዖት»፥ «አስቀያሚ» የሚሉት ስሞች መንገደኞችና ሰባክያን ስለ አፍሪካ ቅርፃ ቅርፅ በጻፏቸው መጻሕፍት ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲሠራባቸው የኖሩ ናቸው። አሁን ግን በሎንዶን ከተማ መካከል በሚሠራ ቀራፂ ላይ ተመለሱ። ስለሆነም የነዚያ ዘመናት የጋዜጣ ሐተታ ስለ ኤፕስታይን ከሚነግረን ይልቅ፥ እንግሊዞች የተቀደሰ ነገር ምን መልክ ሊኖረው ይገባል ብለው ያስቡ እንደነበረ የሚመሰክር ሰነድ ነው።

ይህን ካልን በኋላ ግን ቀራፂውንም ከሒስ ነፃ ማውጣት አይገባም። በቤቱ ካኖራቸው ሥራዎች መካከል ከጋቦን የፋንግ ሕዝብ የመጡ የእንጨት ራሶችና ምስሎች ይገኙ ነበር፤ ከእነዚህ አንዱ ዛሬ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር አለ። ፋንጎች እነዚህን ምስሎች የአባቶቻቸው ዐፅም በተቀመጠበት ከዛፍ ቅርፊት በተሠራ ሣጥን አናት ላይ ያቆሟቸው ነበር፤ ሥራቸውም ዐፅሙን መጠበቅ ነው። ኤፕስታይን የቅርፁን ኀይል ከዘመኑ ሰዎች አስቀድሞ ተረድቷል፤ ይህም የማይካድ ምስጋናው ነው። ነገር ግን ሣጥኑ፥ ዐፅሙና ስለ ዐፅሙ የሚጨነቀው ዘር ወደ ሎንዶን አልመጡም። ቀራፂው የተማረው ከሥርዐቱ ከተለየው ምስል ነበር፤ በ«ዘፍጥረት» እና በ1939 በፈጸመው «አዳም» የሚታየው ጕድለትም ከዚህ የመነጨ ይመስለናል። ሁለቱም የአምልኮ ምስል ያህል ክብር ይጠይቃሉ፤ ግን የሚያከብራቸው ጉባኤ አልነበራቸውም። ሥርዐት ሊሰጣቸው የሚገባውን ግርማ ከመጠናቸውና ከአካላቸው ግነት ለማግኘት ስለሚጥሩ፥ አንዳንድ ጊዜ ተመልካቹን ከማስደነቅ አልፈው ያደክሙታል።

ከዚህ በኋላ የደረሰባቸውም ይህንኑ ያስረዳል። «አዳም»ን በትርኢት የሚነግድ ሰው ገዝቶ ብላክፑል በተባለችው የባሕር ዳር መዝናኛ ከተማ ገንዘብ እያስከፈለ አሳየው። «ዘፍጥረት»ም ሆነች በ1941 የተፈጸመው «ያዕቆብና መልአኩ» የተባለው ታላቅ ሥራ በዚያችው ከተማ በሰም ምስሎች ማሳያ ቤት ውስጥ የሥራ ፈት መሣቂያ ሆኑ። ዛሬ የመጀመሪያዋ በማንቸስተር፥ ሁለተኛው በሎንዶን በታወቁ የጥበብ ቤቶች በክብር ይታያሉ።

ተቃራኒ ምሳሌ የሚሆነው «እነሆ ሰውዬው» የተባለው የክርስቶስ ምስል ነው። ከሦስት ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ደንጊያ በ1935 ሲታይ እንደ ስድብ ተቈጥሮ ገዥ አጣ፤ ቀራፂው በ1959 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስም ከመሥሪያ ቤቱ አልወጣም። በ1969 ግን በጦርነት በተቃጠለው በኮቨንትሪ ካቴድራል ፍርስራሽ ውስጥ ቆመ። ጣራ በሌለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እጆቹ የታሰሩት ያ ከባድ ምስል አሁን የሚያስቀው ሰው የለም። ከደንጊያው ግን አንዲት የመሮ ምት እንኳ አልተለወጠችም።

ለዚህ አስተያየት ሁለት መቃወሚያዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፥ በ1935 እና በ1969 መካከል ሠላሳ አራት ዓመታት አልፈዋል፤ የተለወጠው የሕዝቡ ጣዕም ነው እንጂ ሥፍራው አይደለም የሚል ነው። ለዚህ መልሱ የነሐስ ራሶቹ ናቸው። ኤፕስታይን በሸክላ እያበጀ በነሐስ ያስወጣቸው የኮንራድ፥ የታጎር፥ የአይንስታይን ምስሎች በዚያው ዘመን ደንጊያዎቹን በሚያወግዙት ሰዎች ዘንድ እንኳ ተመስግነዋል። የታወቀን ሰው መልክ ለመታሰቢያ ማቆም ለእንግሊዞች የቆየ ልማድ ስለሆነ፥ የነሐሱ ራስ ቦታውን ፍለጋ መንከራተት አላስፈለገውም። በ1936 ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣልያን ወረራ ምክንያት ተሰደው እንግሊዝ አገር በገቡ ጊዜ የቀረፃቸውም ከእነዚሁ ሥራዎች ይቈጠራል። አገራቸው በጠላት እጅ ሳለች መልካቸው በነሐስ መቀረፁ ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ከጥበብ በላይ የሆነ ትርጕም አለው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይበልጥ የከበደ ነው። በፓሪስ በፔር ላሼዝ መካነ መቃብር የሚገኘው የኦስካር ዋይልድ መቃብር፥ ማለት በ1912 የተፈጸመው የአሦርን ክንፋም በሬዎች የሚያስታውስ ታላቅ ምስል፥ ከመጀመሪያው በተገቢው ሥፍራ ቆሞ ነበር። ይሁን እንጂ የከተማይቱ ሹማምት ዕርቃንነቱን ጠልተው በሸራ አስሸፈኑት። እንግዲያስ ሥፍራ ብቻውን በቂ አይደለም ማለት ነው። እኛም ይህን እንቀበላለን፤ ሥፍራ ስንል መሬቱን ብቻ ሳይሆን በዚያ የሚገለገለውን ሕዝብ ጭምር ማለታችን ነው። ሹማምቱ የመቃብሩ ሕዝብ አልነበሩም። የዋይልድ ወዳጆች ግን ዘመን ካለፈ በኋላ ከየአገሩ እየመጡ ደንጊያውን በተቀባ ከንፈር እስከ መሳም ደረሱ፤ የከንፈሩ ቀለም ደንጊያውን ስለጎዳው በ2011 በመስተዋት ታጠረ። ማንም ያላዘዘው ሥርዐት በምስሉ ዙሪያ ተወለደ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ የሚከተለው ነው። ኤፕስታይን ከፍ ያለ ቀራፂ ነበረ፤ ከፍተኛ ሥራዎቹ ግን ሥፍራቸውንና ወገናቸውን ያገኙት ናቸው። በሎንዶን ካቨንዲሽ አደባባይ በገዳም ቅጥር ላይ በ1953 የቆመችው እመቤታችን ከነልጇ፥ እንዲሁም ከሞተ በኋላ በ1960 በአዲሱ የኮቨንትሪ ካቴድራል ግድግዳ ላይ የተመረቀው ቅዱስ ሚካኤል ለዚህ ምስክሮች ናቸው። በእነዚህ ሥራዎች ጉልበቱ አልቀነሰም፤ ግን ግነቱ ጠፍቷል፤ ግርማውን ከቅጥሩና ከሚጸልየው ሕዝብ ጋር ተካፍሎታልና።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የኮንሶ ሕዝብ ለጀግኖቹ መታሰቢያ የሚያቆማቸው ዋካ የሚባሉት የእንጨት ምስሎች ብዙዎቹ ከቆሙበት እየተነቀሉ ተሸጠዋል። እንዲህ ያለው ምስል በሰብሳቢ ቤት ሲታይ ውበቱ አይጠፋም፤ የማን ልጅ እንደነበረ፥ ማንን እንደገደለ፥ ከጎኑ የትኞቹ ሚስቶቹ እንደቆሙ ግን አይናገርም። ስለዚህ ምስል የሚሰበስብ ተማሪ ቁመቱንና የእንጨቱን ዓይነት ከመጻፉ አስቀድሞ፥ የቆመበትን ሥፍራ፥ አብረውት የቆሙትንና የሚያለቅሱለትን ሰዎች ይመዝግብ። ቅርፁ በማናቸውም ጊዜ ሊለካ ይችላል፤ የቀረው ግን ምስሉ ከተነቀለ በኋላ ጠይቆ የሚገኝ አይደለም።