የነጠላው ድርና ማግ

ፎቶ ቤት ያለው ልጅ የድሮ ፊልምዎን ስካን አድርጎ ስክሪኑን ወደ እርስዎ አዙሮ «አዩት? አዲስ አስመሰልኩልዎ!» ሲል ደስ ይላል። የአባትዎ ኮት ድቅድቅ ያለ ጥቁር ነው፣ የእናትዎ ነጠላ በረዶ መስሏል፣ ፊታቸው ላይ አንዲት ጭረት የለችም። እኔ እንዲህ ያለ ስካን ሲያሳዩኝ ሌላውን ሁሉ ትቼ ነጠላውን አያለሁ።

ነጠላ ነጭ ነው እንጂ ባዶ አይደለም። ድርና ማግ አለው፣ እጥፋት አለው፣ ትከሻ ላይ ሲደረብ በራሱ ላይ ጥላ ይጥላል። በደንብ የተነሣና በደንብ የታጠበ ኔጌቲቭ ይህን ሁሉ ይዞ ይኖራል። ስካኑ ላይ ነጠላው ኖራ እንደ ተቀባ ግድግዳ አንድ ወጥ ነጭ ከሆነ ግን ፊልሙ የያዘው ተጥሏል ማለት ነው። በኋላ በኮምፒውተር ቢያጠቁሩት ግራጫ ይሆናል እንጂ ፈትሉ አይመለስም። ከነጠላው ቀጥሎ ጸጉርና ጥቁር ካባ ይታያል፤ እጥፋቱ ከጠፋና ጸጉሩ እንደ ኮፍያ ከደፈነ እዚያም ያው ነው።

ስለዚህ ጥሩ ስካን መጀመሪያ ሲያዩት ፈዘዝ ይላል። ጨው ገና እንዳልገባበት ወጥ ነው፤ መጨመር በእጅዎ ነው፣ የበዛውን ማውጣት ግን የለም። ደንበኛ ፈዛዛውን አይቶ ስለሚያጉረመርም ባለሙያዎቹም ጨው ማብዛት ለምደዋል። በእነሱ ብቻ አልፈርድም።

በቀለም ፊልም ላይ የፊት መልክ ሌላው ፈተና ነው። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ጠይሙም፣ ቀይ ዳማውም፣ ጠቆር ያለውም አለ። ሶፍትዌሩ በራሱ እንዲያስተካክል ከተተወ ሁሉንም ወደ አንድ ዓይነት መልክ ሊጎትታቸው ይችላል። አጎትዎ እንደ ሚስታቸው ቀልተው ከወጡ ፊልሙ አይደለም የሳተው።

ከዚያ «እስከ 100 ፐርሰንት አሳድግልኝ» ይበሉ። የተለመደው የጥቁርና ነጭ ፊልም ምስል የብር ቅንጣት ነው፤ ስካነሩ በትክክል ካተኮረ ቅንጣቱ እንደ ተበተነ ጤፍ ጥርት ብሎ ይታያል። መሃል ላይ ታይቶ ጥግ ጥጉ ላይ ከሟሟ ፊልሙ እንደ ተጠቀለለ፣ ሳይዘረጋ ነው የተነሣው። የትም ከሌለና ጉንጩም ግድግዳውም እንደ ላስቲክ ከለሰለሰ ደግሞ ሶፍትዌር ልጦታል።

ቁጥሩ ላይ ብዙ አልቆይም። በ35 ሚሊ ፊልም አንዱ ፎቶ 24 በ36 ሚሊሜትር ነው። በኢንች 4000 ነጥብ ሲነበብ 5670 በ3780 ፒክስል ያህል ይወጣዋል፣ 21 ሚሊዮን ገደማ። ለቤተሰብ ፎቶ ይህ ይበቃል። ሣጥኑ ላይ 6400 የተጻፈበት ጠፍጣፋ ስካነር በተግባር የዚያን ግማሽ እንኳ ላይለይ ይችላል፤ ትርፉ ፒክስል ፋይሉን ያገዝፈዋል እንጂ አዲስ ነገር አያሳይም።

አቧራው ላይ ግን እንቆይ፤ ባለሙያው የሚለየው እዚህ ነው። ብዙ የፊልም ስካነሮች አቧራና ጭረትን የሚያገኙት በኢንፍራሬድ ነው። ዘዴው ብልህ ነው፦ የቀለም ፊልም ቀለሞች ኢንፍራሬድን ያሳልፋሉ፣ አቧራ ግን ያግደዋል፤ ማሽኑም የታገደበትን ቦታ ሁሉ ቆሻሻ ነው ብሎ ከአጠገቡ ባለው ይጠግነዋል። በተለመደው ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግን ምስሉን የሠራው ብር ራሱ ያግደዋል። ኔጌቲቭ ላይ ብር የሚበዛውም ብርሃን የበዛበት ቦታ ነው፤ ማለትም ነጠላው ላይ። ማሽኑ የእናትዎን ነጠላ እንደ እድፍ ቆጥሮ ይጠግነዋል! እና «ለጥቁርና ነጩም አቧራ ማጽጃውን ታበራዋለህ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። «እንዴታ!» ካለዎት ፊልምዎን ይዘው ይውጡ። አቧራውን በእጅ መንፊያ እፍ እያለ የሚያነሣና አንድ ሁለት ነጥብ ሳትጠፋ የቀረችበት ሰው ይሻለኛል።

ስላይድ አንድ በጎ ነገር አለው፦ ዋናውን በዓይን ማየት ይቻላል። መስኮት ላይ ወደ ብርሃን ይያዙትና ከስክሪኑ ጋር ያስተያዩት። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ያስተማሩ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ብዙ ስላይድ አንሥተዋል፤ ዛሬ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው እጅ የሚደርስም አለ። ከእነዚህ ውስጥ ኮዳክሮም በተባለው ፊልም የተነሣው ጨለማ ውስጥ ከተቀመጠ ቀለሙን ለረጅም ዘመን ይጠብቃል። ስካን ሲደረግ ግን ወደ ሰማያዊ ያጋድላል፣ ጥቁሩ ቦታ ላይ ኢንፍራሬዱንም ያሳስተዋል። መስኮቱ ላይ ሞቅ ያለው አፈር ስክሪኑ ላይ ከበረደ ይመልሱት። ሌሎች የዚያ ዘመን ስላይዶች ወደ ቀይ ሐምራዊ ስለሚለወጡ፣ ደህና ባለሙያ እንዳለ የነበረውንም ያስተካከለውንም ሁለቱን ይሰጥዎታል።

የስካኑ ግራና ቀኝ መገልበጡን ማየት ቀላል ነው፤ የሱቅ ጽሑፍ ወይም የመኪና ሰሌዳ ይናገራል። ጽሑፍ ከሌለ የወንድ ኮት ቁልፍና የእጅ ሰዓት ይመልከቱ።

ዳር ዳሩን ደግሞ አያስቆርጡ። 13 በ18 የሚታተም ወረቀት ከ35 ሚሊው ርዝመት 3 ሚሊሜትር ያህል ይበላል። እኛ ቤት አልበም ውስጥ ያለው አንድ የምርቃት ፎቶ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ እጅ እናቴ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ኔጌቲቩ ከነጥቁር ጠርዙ ስካን ሲደረግ አክስቴ እየሳቀች ወጣች። ያንን ኔጌቲቭ ያነሣልኝ ሁለተኛው ባለሙያ ነው። የመጀመሪያው ለማሽኑ እንዲመቸው ብሎ ስድስት ፍሬም ካለው የፊልም ቁራጭ ሁለቱን በመቀስ ለያይቶ መልሶልኝ ነበር። ሰው የምመርጠው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሲረከቡ ቲፍ ፋይሉን በ16 ቢት ይጠይቁ። አንዱ የቀለም ፎቶ 128 ሜጋባይት ገደማ ስለሚሆን ሃርድ ዲስክ ይዘው ይሂዱ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላከልዎ ግን ተጨምቆ ነው የሚደርስዎት፤ ያ ሁሉ ድርና ማግ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው ባለሙያ ልቤን የማረከው ገና ሣጥኑን ሳስቀምጥለት ነው። ዋጋ ሳይናገር ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ። አሮጌ የአሲቴት ፊልም መበስበስ ሲጀምር አቸቶ አቸቶ ይላል፤ ሽታው አጠገቡ ያለውን ፊልም መበስበስም ያፋጥናል፣ ፊልሙ ይኮማተራል፣ አንዴ ከተጨማደደ በኋላ የሚዘረጋው የለም። ሁለት ጥቅል ለይቶ አወጣና ሌላ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠ። «እነዚህ ዛሬ ማታ» አለኝ፤ «ሌሎቹ ወረፋ ይጠብቃሉ።»