ሁለቱ «ኢ»ዎች

ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የማውቃቸውን የኔታ አገኘሁ። ቤተልሔም ወርደው ድጓ ያስመሰከሩ ሊቅ ናቸው። ከጋይንት ሌሊት ተነስተው መጥተው፣ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሆን ፊታቸውን ሊያዞሩ ነው።

«ምነው የኔታ፣ ጉዳይዎ አለቀ እንዴ?»

«የት አለቀ ልጄ! ዛሬ አይሠሩም። ይኸው ለጥፈውታል» አሉና በመቋሚያቸው ወደ በሩ ጠቆሙኝ። ወረቀቱ ላይ በደማቁ «ኢ-አገልግሎት» ተብሎ ተጽፏል።

እኛ ቆመን ስናወራ ፊደል ያልቆጠሩ አንድ ገበሬ ዘው ብለው ገቡ፤ ማኅተማቸውን አስመትተው ወጡ። ነገሩን አስረድቼ የኔታን ይዣቸው ስገባ የዕለቱ ወረፋ ሞልቷል። ለነገ ተቀጠሩ። ማንበብ የማይችለው ሰው ጉዳዩ ሞላለት፤ ማንበብ የሚችለው ሊቅ ከተማ አደረ።

መጀመሪያ ስቄ ነበር። በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ፤ የኔታ አልተሳሳቱማ! በግዕዝ «ኢ» አፍራሽ ናት። «መጽአ» መጣ ነው፤ «ኢመጽአ» አልመጣም። አማርኛችን ለግሱ የራሱ «አል…ም» ስላለው «ኢ»ን ለስምና ለቅጽል ተዋሳት፤ ኢ-ሰብአዊ፣ ኢ-ፍትሐዊ፣ ኢ-አማኒ እንላለን። «ኢምንት» የምንለውም ያው ኢ እና ምንት ነው፤ ምንም ያልሆነ። ስለዚህ «ኢ-አገልግሎት» ሲባል የኔታ «አገልግሎት የለም» ብለው ማንበባቸው ትክክል ነው።

ሌላዋ «ኢ» የመጣችው ከሩቅ ነው። ግሪኮች ድንጋይ የሆነውን የጥንት ዛፍ ሙጫ «ኤሌክትሮን» ይሉት ነበር። ሙጫው ሲታሽ ገለባ ይስባል። በ1600 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዊልያም ጊልበርት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በላቲን በጻፈው መጽሐፍ ይህን የመሳብ ጠባይ በሙጫው ስም ጠራው። ከዚያ ኤሌክትሪክ፣ ከዚያም ኤሌክትሮኒክ መጣ። የኢንተርኔት ዘመን ሲደርስ ከእንግሊዝኛው ቃል አሥር ፊደላት የመጀመሪያዋ ብቻ ተቆርጣ ቅጥያ ሆነች። የአሜሪካ የዘዬዎች ማኅበር በ1998 የዓመቱ ቃል ብሎ የመረጣት ይህችኑ ነው። ለእነሱ ምንም አላፈረሰችባቸውም። እኛ ዘንድ ስትመጣ ግን ወንበሩ ላይ የቆየች ባለቤት ነበረች።

መዋስ ነውር ነው ማለቴ አይደለም። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ መድፍ ሲያሠሩ «መድፍ» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ነበር። «ስልክ»ም በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው። ሁለቱም ሲገቡ የማንንም ቦታ አልቀሙም። ሕዝቡ ደግሞ ኤሌክትሪክን በሥራው አይቶ «መብራት» አለው፤ ምጣዱ ቢጠፋም «መብራት ሄደ» ይላል። ሁሉም ይግባባል።

«ሰረዟ ትለየዋለች፤ አውዱም ያስረዳል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እስቲ «ኢ-መደበኛ ትምህርት»ንና «ኢ-ትምህርት»ን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በአንዱ «ኢ» መደበኛነትን ታፈርሳለች፤ በሌላው ትምህርቱን ኮምፒዩተር ላይ ታወጣለች። ሰረዟ ያችው ናት። በአፍ ሲነገር ደግሞ ሰረዝ አይሰማም። «ኢ-መንግሥት» የሚለውን በሬዲዮ የሰማ ሰው ምን ይበል?

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ «ኢ»ን ባገኙት የአማርኛ ቃል ላይ ሁሉ ሲለጥፏት፣ ምሁርነት መስሎኝ ዝም ብያለሁ። ቅጥያ እንደ ጌጥ መታየት የጀመረው ያኔ ነው። ዛሬ የእንግሊዝኛዋ «ኢ» በዚያው በተከፈተ በር ገባች።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1205 «የኤሌክትሮኒክ ግብይት» ብሎ ቃሉን ሳይቆርጥ ጽፎታል። «በኢንተርኔት የሚሰጥ አገልግሎት» ማለትም ይቻላል። አንድ ሁለት ቃል ይረዝማል፤ ግን ከጋይንት ደብረ ታቦር በከንቱ ከመመላለስ ያጥራል።

በማግሥቱ የኔታ ጉዳያቸውን ጨርሰው ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉና ጥበቃውን «ልጄ፣ ይህችን ‹ኢ› ብታነሷት ምን ይጎድልባችኋል?» አሉት። ጥበቃው ወረቀቱን አየ፣ እሳቸውን አየ፤ መልስ አልነበረውም። ወረቀቱ ግን ባለፈው ሳምንት ሳልፍ እዚያው ነው።