የዕቃ ስምና የድርጊት ቃል፦ በራዲዮ ስለሚመራ ሞዴል አውሮፕላን በተዘጋጀ ረቂቅ ትርጉም ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ሙያዊ ቃላት በሚደረግ ውይይት ሁሉ ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ የባዕዱን ቃል እንዋስ ወይስ አዲስ ስያሜ እናውጣ የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን በቂ አለመሆኑን ለአስተያየት የቀረበልን አንድ ረቂቅ ትርጉም በግልጽ ያሳያል። ረቂቁ በራዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን ማብረርን ለጀማሪዎች የሚያስተምር የእንግሊዝኛ መመሪያ ወደ አማርኛ የተመለሰበት ነው። ርእሰ ጉዳዩ የጨዋታ ቢመስልም ለተርጓሚ ብርቱ ፈተና ነው። በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የተሳሳተ ቃል ቢገኝ አንባቢው ቆይቶ ሊያርመው ይችላል፤ አውሮፕላኑ አየር ላይ ሳለ ቃሉ ያሳሳተው ተማሪ ግን ለማረም ያለው ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። የሚደርሰውም ጉዳት በዕቃ መሰበር ላይወሰን ይችላል፤ ፕሮፔለሩ እየተሽከረከረ የሚወድቅ አውሮፕላን ሰው ያቆስላል።

በቅድሚያ የረቂቁን መልካም ጎን እንመልከት። አማርኛ ለዚህ መስክ እንግዳ አይደለም። በ1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ካረፈ፣ በ1938 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ከጀመረ ወዲህ «አብራሪ»፣ «በረራ»፣ «ማኮብኮቢያ» የመሳሰሉት ቃላት ሥር ሰደዋል። ተርጓሚው እነዚህን እንዳሉ መቀበሉ የሚያስመሰግን ነው። በተለይ «አብራሪ» ከአስደራጊው ግስ ከ«አበረረ» የወጣ በመሆኑ፣ መሬት ላይ ቆሞ ሌላውን አካል ለሚያበርር ሰው እጅግ ይስማማል። «መለማመጃ አውሮፕላን» የሚለውም ጥሩ ምርጫ ነው። ክንፉ ከአካሉ በላይ የተገጠመ፣ የክንፎቹ ጫፎች በመጠኑ ሽቅብ ያሉ፣ ዘንበል ሲል ወደ ሚዛኑ የመመለስ ጠባይ ያለው አውሮፕላን ነው። «አሠልጣኝ» ተብሎ ቢተረጎም ኖሮ አንባቢው ሰው ይጠብቅ ነበር።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ተርጓሚው ድካሙን ሁሉ በዕቃ ስሞች ላይ አፍስሶ የድርጊት ቃላትን ለአጋጣሚ ትቷቸዋል። ተማሪው የሚያበርረው ግን በስም ሳይሆን በግስ ነው። ሁለት አብነቶች ጎን ለጎን ሲታዩ የነገሩን ክብደት ያስረዳሉ።

ኤሌቬተር በአግድሙ ጭራ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚታጠፍ ክፍል ነው። ረቂቁ ቃሉን በቁሙ ፈትቶ «ከፍ ማድረጊያ» ይለዋል፤ «ለመውጣት ከፍ ማድረጊያውን ሳብ» የሚል ትእዛዝም ይከተለዋል። ይሁን እንጂ ይህ ክፍል የሚለውጠው የአፍንጫውን አቅጣጫ እንጂ በቀጥታ ከፍታውን አይደለም። ሽቅብ ለመዝለቅ በቂ ኃይል ያስፈልጋል። ፍጥነቱ አንሶ ሳለ አፍንጫው ብቻ ሽቅብ ቢሳብ ክንፉ አየሩን የሚገጥምበት ማእዘን ይሰፋል፤ በብዙ ክንፎች 15 ዲግሪ ገደማ ሲደርስም አየሩ ከክንፉ የላይኛው ገጽ ይላቀቅና ክንፉ የማንሣት ኃይሉን በእጅጉ ያጣል። ስቶል የሚባለው ይህ ነው።

ረቂቁ ስቶልን «የሞተር መቆም» ብሎታል። የእንግሊዝኛው ቃል ስለ መኪና ሲነገር ይህን ፍች ስለሚሰጥ የስሕተቱ ምንጭ ግልጽ ነው። ነገር ግን ስቶል ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ እየሠራም ይደርሳል፤ ሞተር በሌለው ግላይደር ላይም ይደርሳል። እንግዲህ ሁለቱ ስሕተቶች ሲገናኙ ምን እንደሚሆን እናስብ። አውሮፕላኑ መስመጥ ሲጀምር ተማሪው እንደተማረው «ከፍ ማድረጊያውን» አብዝቶ ይስባል። የሞተሩን ድምፅ እየሰማም መጽሐፉ ያስጠነቀቀው አደጋ ይህ መሆኑ አይታየውም። መድኃኒቱ ግን የዚሁ ተቃራኒ ነው፤ ዘንጉን ወደ ፊት ገፍቶ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ፣ ፍጥነት ማስያዝ፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ማቅናት።

አማርኛ ለዚህ የሚሆን የራሱ አነጋገር አለው። የዛለ ሰው «ጉልበቴ ከዳኝ» ይላል፤ ጉልበቱ በቦታው አለ፤ ተሸካሚነቱን ግን አቁሟል። የክንፉም ሁኔታ ይኸው ስለሆነ «ክንፉ ከዳ»፣ በስምም «የክንፍ መክዳት» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። ለአፍንጫው እንቅስቃሴ ደግሞ «ደፋ» እና «ቀና» የተባሉት ጥንድ ቃላት በሕዝቡ አንደበት አሉ። «ደፋ አድርግ» የሚለው ትእዛዝ አጭር ነው፤ አስተማሪ ከተማሪው ጎን ቆሞ ሊናገረው ይችላል። የክፍሉ ስም ኤሌቬተር ተብሎ ቢቀር ጉዳት የለውም፤ የማያስረዳ የውሰት ቃል አሳስቶ ከሚያስረዳ የአገር ቃል ይሻላል።

ትሪም «ክርከማ» መባሉም እንዲሁ የመጀመሪያውን ፍች ከመውሰድ የመጣ ነው። የሚከረከመው አጥርና ጠጉር ነው፤ ተማሪው መቀስ ይዞ ወደ ክንፉ እንዲሄድ አንፈልግም። እዚህ የተፈለገው ዘንጉ ሳይነካ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ እንዲበር የመሪ ክፍሎቹን በጥቂቱ ማስተካከል ነው። ጠማማውን የማቃናት ፍች ያለው «ማረቅ» ይህን ይገልጻል፤ የስበት ማዕከልን ከሚመለከተው «ማመዛዘን»ም ይለያል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን አማርኛ ያለ ድካም የሚሰጠው ጥቅም ሳይሠራበት መቅረቱ ነው። አውሮፕላኑ ወደ አብራሪው ፊቱን አዙሮ ሲመጣ ቀኙ በአብራሪው ግራ ይውላል፤ ጀማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱትም በዚህ ጊዜ ነው። ረቂቁ በየገጹ «ወደ ቀኝ» ይላል፤ የማን ቀኝ እንደሆነ አይነግረንም። «ወደ ቀኙ» እና «ወደ ቀኝህ» ብሎ መለየት የሚጠይቀው አንዲት ድኅረ ቅጥያ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ወደ አብራሪው ሲመጣ ክንፎቹን ለማስተካከል የተለመደው ምክርም በዚሁ መንገድ ጥርት ብሎ ይነገራል፤ «ዝቅ ያለው ክንፍ ወደሚታይህ ወገን ዘንጉን ግፋ»።

ይህ ሁሉ ለአንድ ጨዋታ የበዛ ጥንቃቄ እንዳይመስል። መንትዮቹ ዋልተርና ዊልያም ጉድ እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ «ገፍ» የተባለችውን ሞዴል በራዲዮ እየመሩ ካበረሩበት ዘመን አንሥቶ ትንሹም ትልቁም አውሮፕላን በአንድ የአየር ሕግ ይገዛሉ፤ ስቶልም በሁለቱ ዘንድ አንድ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚጸናው ቃል ነገ በበረራ ትምህርት መጻሕፍት ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

በእኛ አስተያየት የሙያ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ለእያንዳንዱ የዕቃ ስም አብሮት የሚሄደውን ግስ፣ ግሱም የሚያመጣውን ውጤት መመዝገብ ይገባዋል። ተርጓሚውም ረቂቁን ከማሳተሙ በፊት ለአንድ ጀማሪ ያንብብለትና ጀማሪው እጁን ወዴት እንደሚያንቀሳቅስ ይመልከት። እጁ ወደ ተሳሳተው ወገን ከሄደ ስያሜው የቱንም ያህል ቢያምር መለወጥ አለበት።