ተረኛዋ አስተዋዋቂ፦ የቢቢሲ ሬዲዮ 4 የቀን ውሎ ሲመዘን

ስለ ቢቢሲ ሬዲዮ 4 የሚጻፈው አብዛኛው ውዳሴ ነው፤ ውዳሴውም ከአንድ አፍ የወጣ ይመስላል። ጣቢያው ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ዜናውን፣ ፍልስፍናውን፣ ድራማውን፣ የአትክልት እንክብካቤውን፣ ቀልዱንና የባሕር አየር ትንበያውን ማስተናገዱ እንደ ተአምር ይቆጠራል። በበኩሌ ስብጥሩ ብቻውን ይህን ያህል አያስደንቀኝም። የዳበረ በጀትና በርካታ አዘጋጆች ያሉት ጣቢያ ብዙ ዓይነት ነገር ቢያቀርብ ምን ይገርማል? ሃያሲያን ፕሮግራሞቹን እየነጠሉ ሲመረምሩ ሳያዩት ያለፉት ጥበብ ያለው በፕሮግራሞቹ መካከል ነው። ባለቤቷም ስሟ በጋዜጣው የፕሮግራም ዝርዝር ላይ የማይወጣው ተረኛዋ አስተዋዋቂ ናት።

ከሰዓት በኋላ ያለውን ድራማ እንውሰድ። በብሪታንያ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ከሩብ ይጀምርና 9 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያበቃል። አስተዋዋቂዋ በቀሩት ሴኮንዶች የደራሲውን፣ የተዋንያኑንና የአዘጋጁን ስም ትጠራለች፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ታስተዋውቃለች፤ ከዚያም ለሰዓት ምልክቱ ቦታ ትለቃለች። ምልክቱ ከ1924 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሰማ ሲሆን አምስት አጫጭር ድምፆችና አንድ ረዘም ያለ ድምፅ አሉት። አምስቱ እያንዳንዳቸው የሴኮንድ አንድ አሥረኛ፣ ስድስተኛው ግማሽ ሴኮንድ ይቆያሉ። ሰዓቱ የሚሞላው ስድስተኛው ድምፅ ሲያበቃ ሳይሆን ሲጀምር ነው። በዚህ ምልክት ላይ መናገር በቤቱ ወግ ነውር ነው። ስለዚህ ድራማው አሥር ሴኮንድ ቢተርፈው ማስታወቂያዋ ሊዘረጋ፣ ቢያንሰው ሊታጠፍ ግድ ነው፤ የሚታጠፈው ግን የተዋናዩ ስም መሆን የለበትም። ይህን ሁሉ ስታደርግ ጥድፊያዋ አይሰማም።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ከመናገሯ በፊት የምትወስደው ትንፋሽ ነው። ድራማው በሐዘን ካበቃ ትንፋሹ ይረዝማል፤ በፌዝ ካበቃ ያጥራል። አድማጩ የሰማው ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ በዚያች ትንፋሽ ይነገረዋል፤ ብዙ የጋዜጣ ሂስ በሁለት ዓምድ ይህን ያህል አይናገርም። ጣቢያው ራሱ ይህን ሀብት የሚያባክንባቸው ጊዜያት አሉ። ገና ዕንባ ሳይደርቅ የነገ ፕሮግራም ማስታወቂያ በሙዚቃ ታጅቦ ሲገባ፣ ያን ያደረገው ሰው ድራማውን እንዳልሰማው ያስታውቃል።

የድምፅ ጨዋነቱ ምን ያህል ልፋት እንዳለበት የሚታወቀው ሲሰበር ነው። መጋቢት 2008 (እ.ኤ.አ.) ዜና አንባቢዋ ሻርሎት ግሪን በጠዋቱ የዜና ፕሮግራም ላይ ከተቀረጹት የሰው ድምፆች ሁሉ ጥንታዊ የሆነው የ1860 ዘፈን ቅጂ ከተሰማ በኋላ ሳቅ ያመልጣታል። አንድ ባልደረባዋ ቅጂው ጠርሙስ ውስጥ የገባች ንብ እንደሚመስል ሹክ ብሏት ኖሯል። ቀጥሎ የነበረው ዜና ደግሞ የፊልም ጸሐፊው የአቢ ማን ዕረፍት ነበር። አድማጩ ግን ሳቁን ወደደው። ለዓመታት ተለጉሞ የኖረ ሳቅ መሆኑ ገብቶት ይመስለኛል።

ያ የጠዋት ፕሮግራም፣ «ቱዴይ»፣ የአገሪቱን የፖለቲካ አጀንዳ ይወስናል እየተባለ ይወደሳል። ውዳሴው በዝቶበታል። 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ በሚቀርበው ትልቁ ቃለ ምልልስ ጠያቂው ባለሥልጣኑን አምስቴ ያቋርጠዋል፤ መልሱ መልክ መያዝ ሲጀምር ጊዜያችን አልቋል ይባላል። በዚህ ቦታ ሰዓቱ ጠያቂውንም ተጠያቂውንም ከኃላፊነት ያድናል። ሐሙስ ሐሙስ 3 ሰዓት ላይ በሚጀምረው «ኢን አወር ታይም» ግን ይኸው የሰዓት እጥረት ሌላ ነገር ይሠራል። ከ1998 እስከ 2025 (እ.ኤ.አ.) የመራው ሜልቪን ብራግም ምሁራንን ያቋርጥ ነበር፤ አንዳንዴ በግልምጫ ጭምር ማለት ይቻላል። ነገር ግን የሚያቋርጣቸው ወደ ነገሩ ሊመልሳቸው ነበር። አውሮፓ ለዘመናት ኢትዮጵያን ይፈልግበት ስለነበረው ስለ ቄስ ዮሐንስ አፈ ታሪክ የተደረገውን ውይይት የሰማ ሰው ሦስት ምሁራን በሦስት ሩብ ሰዓት ምን ያህል ርቀት ሊጓዙ እንደሚችሉ ያውቃል።

ሰው የፕሮግራሞቹን መጋጠሚያ ምን ያህል እንደሚወድ ጣቢያው የተማረው በ2006 (እ.ኤ.አ.) ነው። የቀኑ ሥርጭት ሲከፈት ይሰማ የነበረው፣ ፍሪትዝ ስፒግል ከብሪታንያ ባህላዊ ዜማዎች ያቀናበረው መክፈቻ ሙዚቃ እንዲቀር የጣቢያው ኃላፊ ማርክ ዳማዘር ሲወስን ፊርማ ተሰባሰበ፤ ጉዳዩ ፓርላማ ድረስ ደረሰ። ሙዚቃው ግን ቀረ፤ ቦታውን ዜና ወሰደው። ዛሬ ደግሞ ፕሮግራሙን በስልክ መተግበሪያ የሚያዳምጥ ሰው ድራማውን ብቻውን ተቆርጦ ያገኘዋል፤ አስተዋዋቂዋም ትንፋሿም አብረው አይመጡም። ለዚህ የሚሰባሰብ ፊርማ እስካሁን አልሰማሁም።

ሰዓት አክባሪነቱን ይህን ያህል ካመሰገንኩ የሚያበላሸውንም መናገር አለብኝ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ45 የሚተላለፈው የመኝታ ሰዓት ትረካ («ቡክ አት ቤድታይም») አንድን ልቦለድ አብዛኛውን ጊዜ የሩብ ሰዓት አሥር ክፍሎች አድርጎ በሁለት ሳምንት ይጨርሰዋል። ንባቡ ግሩም ነው፤ የሚነበበው ግን ተቀንሶ ተቀናንሶ የቀረው ነው። ገጸ ባሕርያት ይጠፋሉ፤ ደራሲው ለአፍታ ከታሪኩ ወጣ ብሎ የሚያወራው ጨዋታ መጀመሪያ ይታረዳል። በኢትዮጵያ ሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ የሰማ ጆሮ ይህን በቀላሉ አይቀበልም። ወጋየሁ የደራሲውን የሐዲስን ረጅም ዓረፍተ ነገር አልፈራውም፤ ጉዱ ካሣ ሲናገር ፊታውራሪ መሸሻ የሚቆጡበትን ጊዜ ይሰጣቸዋል፤ አድማጩም ይጠብቃል። በገንዘብም በመሣሪያም ከለንደኑ ጋር የማይወዳደር ጣቢያ አድማጩን በትዕግሥቱ አመነው። ሬዲዮ 4 ለባሕር አየር ትንበያው የሚሰጠውን ክብር ለልቦለድ የሚነፍግበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም። አሥር ክፍል ያልበቃው መጽሐፍ ሃያ ይሰጠው፤ ቦታ ጠፋ ከተባለ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በተመልካች ሳቅ ታጅቦ ከሚቀርበው ቀልድ የሚቆረጥ ሞልቷል።