ኤምአርአይ ያየው ሁሉ ያማል እንዴ?

አሜሪካ ውስጥ የሚኖሩ አንድ የ65 ዓመት አዛውንት እናስብ። መንገድ ሲጀምሩ ደህና ናቸው፤ ትንሽ እንደሄዱ ግን እግራቸው ይከብዳል፣ ይደነዝዛል። ቁጭ ካሉ ወይም ጎንበስ ብለው የሱፐርማርኬት ጋሪ ከገፉ ይተዋቸዋል። ካይሮፕራክተር ዘንድ ሲሄዱ ባለሙያው የኤምአርአይ ምስላቸውን ስክሪን ላይ ከፍቶ በጣቱ እየጠቆመ «አዩት? እዚህ ጋ ጠቧል። የሚያምዎት ይሄ ነው። እናስተካክለዋለን» ይላቸዋል።

ባለሙያው ሦስት ነገር ነው የተናገረው፤ ሦስቱ ግን እኩል አይታመኑም። መጥበቡን ምስሉ ያሳያል። የሕመሙ ምክንያት እሱ ነው የሚለው ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። «እናስተካክለዋለን» የሚለው ደግሞ ከምስሉ ጭራሽ አይወጣም። የዛሬው ትችቴ ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው በሚደረገው ዝላይ ላይ ነው።

መጀመሪያ ችግሩን እንወቀው። በአከርካሪያችን መሃል ነርቮች የሚያልፉበት ቦይ አለ። ዕድሜ ሲገፋ ዲስኮቹ ይሟሽሻሉ፣ ጅማቶቹ ይወፍራሉ፣ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ አጥንት ይጨምራል፤ ቦዩም ይጠባል። ስቴኖሲስ የሚባለው ይሄ ነው። የኔዘርላንዱ ሐኪም ሄንክ ቨርቢስት በ1954 በደንብ ገልጾታል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቀጥ ብለን ስንቆም ቦዩ ይበልጥ ይጠባል፣ ጎንበስ ስንል ይሰፋል። ጋሪው የሚያሳርፋቸው ለዚህ ነው።

ካይሮፕራክቲክ ደግሞ በ1895 ዳቬንፖርት በምትባል የአይዋ ከተማ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የጀመረው፣ በዋናነት አከርካሪን በእጅ የማከም ሙያ ነው። ወጌሻ ትዝ ብሏችሁ ይሆናል። በእጅ መሥራታቸው ያመሳስላቸዋል፤ ካይሮፕራክተር ግን አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ተምሮ ፈቃድ የሚያወጣ ባለሙያ ነው። የፓልመር ልጅ በ1910 ራጅን ወደ ሙያው አስገባ። እንግዲህ ምስል እያሳዩ ማስረዳት እዚያ ቤት ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ልማድ ነው።

ኤምአርአይ ከራጅ በጣም ይለያል። በሰውነታችን ውሃና ስብ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ አነጋግሮ ነው ምስል የሚሠራው። ብዙ ጊዜ የምናገኘው የ1.5 ቴስላ ማሽን ጉልበቱ የመሬትን የማግኔት መስክ ወደ 30 ሺህ ጊዜ ያጥፋል። ዲስኩን፣ ጅማቱን፣ ነርቩን ጥርት አድርጎ ያወጣል፤ እንደ ራጅ ያለ ጨረርም የለውም። ማሽኑ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ችግሩ የሚጀምረው ምንም የማያማቸውን ሰዎች ማሽኑ ውስጥ ስናስገባ ነው። በ1990 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት የወገብ ሕመም ኖሯቸው የማያውቁ 67 ሰዎችን አነሣ። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ውስጥ 21 በመቶ ያህሉ ምስላቸው ላይ ስቴኖሲስ ታየ። አስቡት፣ ከአምስት ጤነኛ ሽማግሌዎች አንዱ! እኚህ ሰው ያን ዕለት ሌላ ነገር አሟቸው ክሊኒክ ቢሄዱ ኖሮ ጥፋቱ በዚያ ጠባብ ቦይ ላይ ይላከክ ነበር።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን በ2017 የወጣው ነው። አንዲት የ63 ዓመት ሴት በሦስት ሳምንት ውስጥ በ10 የተለያዩ ማዕከላት ኤምአርአይ ተነሡ። ሪፖርቶቹ ሲደመሩ 49 የተለያዩ ግኝቶች ተጻፉ፤ በአሥሩም ላይ የተጻፈ ግኝት ግን አንድም አልነበረም። ታካሚዋ አንድ ብቻ ስለሆኑ ጥናቱን ከአቅሙ በላይ አናናግረው። ቢሆንም «ምስሉ እንዲህ ይላል» ሲባል፣ የሚለው ምስሉ ብቻ ሳይሆን የሚያነበውም ሰው መሆኑን ያስታውሰናል። ሌላም አለ። ኤምአርአይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በጀርባ ተኝቶ ነው፤ አዛውንቱን የሚያማቸው ግን ቆመው ሲሄዱ ነው።

«እናስተካክለዋለን» ወደሚለው እንምጣ። የጨመረን አጥንት እጅ አይቀንሰውም። ታዲያ ሕክምናው ከንቱ ነው? አይደለም። በ2019 በወጣ የፒትስበርግ ጥናት ስቴኖሲስ ያለባቸው 259 ሰዎች በሦስት ተከፍለው ነበር፦ በመድኃኒትና በመርፌ የሚታከሙ፣ በቡድን ስፖርት የሚሠሩ፣ በእጅ ሕክምናና ለግላቸው በተዘጋጀ እንቅስቃሴ የሚረዱ። በሁለተኛው ወር የእጅ ሕክምናው ቡድን የሕመም ስሜት የተሻለ ቀለለ። በስድስተኛው ወር በቡድኖቹ መካከል ልዩነት አልታየም። ጥቅም አለ፣ መጠነኛ ነው፣ ለጊዜው ነው። ቦዩ ስለሰፋ ነው የሚያሰኝ ማስረጃ ግን የለም። አዛውንቱ ይሄን ቢሰሙ አይከፋቸውም ነበር። አከርካሪያቸው «እንደተበላሸ» ስክሪን ላይ ያየ ሰው ግን መራመድ ይፈራል፤ መራመድ ደግሞ ለእግራቸው ዋና መድኃኒታቸው ነው።

ለእኔ ለካይሮፕራክተር ትልቁ የኤምአርአይ ጥቅም እጁን እንዲሰበስብ መንገሩ ነው። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭን መካከል ያለው አካል ከደነዘዘ፣ እግር እየሰነፈ ከሄደ ነገሩ አስቸኳይ ነው፤ ምስሉም የቀዶ ሕክምና ሐኪሙም ዛሬውኑ ያስፈልጋሉ። አንገት ላይ ደግሞ የሚጨመቀው ራሱ ኅብለ ሰረሰር ሊሆን ይችላል። ቁልፍ መቆለፍ ያስቸገረው፣ ሲሄድ የሚንገዳገድ ሰው አንገቱ ሳይታይ በኃይል ቢጠመዘዝ ጉዳቱ የማይመለስ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ኤምአርአዩን መዝለል ነው ጥፋቱ።

ይሄ የእኔ የውጭ ሰው አስተያየት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ካይሮፕራክቲክ ማኅበር ራሱ በ2017 ለአባላቱ፣ አደገኛ ምልክት ከሌለ በስተቀር ድንገት ለጀመረ የወገብ ሕመም በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ምስል አታስነሡ ብሏል።

እና አያታችሁ የኤምአርአይ ሲዲ ይዘው ቤት ቢመጡ፣ ሲዲውን ከመክፈታችሁ በፊት ስንት ደቂቃ እንደሚራመዱና ምን ሲያደርጉ እንደሚቀላቸው ጠይቋቸው። አክማለሁ ለሚላቸው ሰው ደግሞ ይሄን ጥያቄ አስይዟቸው፦ «ይህ ምስል ባይኖር ኖሮ የሚያደርጉልኝ ነገር ይለወጥ ነበር?»