«አልማዝ ለዘላለም ነው» ያለው ማን ነው?

ትዳር ሊመሠርት የተነሣ ወጣት ዛሬ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ ስለ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ምን ዓይነት ነው? ድንጋዩስ ስንት ካራት ነው? በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ በሚኖሩ ወንድሞችና እኅቶች ዘንድ፣ ያለ አልማዝ ቀለበት ለማጨት መሄድ እንደ ንፍገት፣ አንዳንዴም እንደ ፍቅር ማነስ ሲቆጠር ይሰማል። ብዙዎች ይህ ልማድ ከጥንት የወረደ ይመስላቸዋል። በአውሮፓ መኳንንት ዘንድ ቀደም ብሎ መታየቱ እውነት ነው። ወደ ተራው ሰው ቤት አዝልቆ ያስገባው ግን የማስታወቂያ ሥራ ነው፤ የዚያ ሥራ ቁንጮም ከአራት የእንግሊዝኛ ቃላት የተሠራ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። በአማርኛ «አልማዝ ለዘላለም ነው» ማለት ነው። ውድ አንባብያን፣ ይህን ዐረፍተ ነገር እንደ አንድ የድርሰት ሥራ ወስደን እንመርምረው። ምን ይላል? ምንስ ይደብቃል?

በመጀመሪያ ልደቱን እንመልከት። እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ አልማዝ በአብዛኛው ከሕንድና ከብራዚል በጥቂቱ የሚገኝ ድንጋይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ በደቡብ አፍሪካ ብዙ አልማዝ ተገኘ፤ በኪምበርሊም ታላላቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ብዙ የሆነ ነገር ደግሞ ይረክሳል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1888 የተቋቋመው ዴቢርስ ኩባንያ ማዕድኑን ጠቅልሎ በመያዝ፣ ለገበያው የሚወጣውን መጠን እየመጠነ ዋጋውን አቆየ። አቅርቦቱ በእጁ ቢሆንም የሰው ፍላጎት ግን ገና በእጁ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1938 የኩባንያው ሰዎች ኤን ደብልዩ አየር ከተባለ የአሜሪካ የማስታወቂያ ድርጅት ጋር ተገናኙ። እ.ኤ.አ. በ1947 በዚያው ድርጅት የምትሠራ ፍራንሲስ ጌሬቲ የተባለች ጸሐፊ አራቱን ቃላት ጻፈች። እ.ኤ.አ. በ1999 አድቨርታይዚንግ ኤጅ የተባለው መጽሔት ከምዕተ ዓመቱ መፈክሮች ሁሉ የላቀ ብሎ መረጠው።

ፍርዱ በሙያው ዓይን ሲታይ ተገቢ ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ ይያዛል፤ የሰውንም እውነተኛ ምኞት ይነካል። ትዳሩ እንዲዘልቅ የማይመኝ ማን አለ? ደራሲዋ የነካችው ይህንን ነው። ነገር ግን ዐረፍተ ነገሩን ደግመን እናንብበው። በውስጡ ባል የለም፤ ሚስት የለችም፤ ቃል ኪዳንም የለም። ባለቤቱ ድንጋዩ ነው። የሰዎቹ ምኞት ከሰዎቹ ተወስዶ ለድንጋዩ ተሰጥቷል። እኛ ስለ ነገ ስንናገር «ኢንሻአላህ» እንላለን፤ ነገ በእጃችን እንዳልሆነ ስለምናውቅ ነው። ይህ ዐረፍተ ነገር ግን ሳይጠራጠር «ነው» ብሎ ይደመድማል።

ሁለተኛው ነገር «ለዘላለም» የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል በቀጥተኛ ፍቺው እንኳ እውነት አይደለም። አልማዝ የከሰል ወገን ነው፤ ሁለቱም ካርቦን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1770ዎቹ ፈረንሳዊው ሊቅ ላቯዚዬ የፀሐይን ጨረር በትልቅ መነጽር አሰባስቦ አልማዝን አቃጥሏል። አበው ወርቅ በእሳት ይፈተናል ይላሉ፤ ወርቅ ከእሳቱ ጠርቶ ይወጣል። አልማዝ ግን በቂ ሙቀትና አየር ካገኘ ጋዝ ሆኖ ይጠፋል። ለሙእሚን ደግሞ ነገሩ ከዚህም ያልፋል። በምድር ላይ ያለ ሁሉ ጠፊ እንደሆነና የሚቀረው የአላህ (ሱ.ወ) ፊት ብቻ እንደሆነ ሱረቱ አር-ረሕማን ያስተምረናል። ዘላለማዊነትን ለድንጋይ መስጠት ለንግድ ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ ለእምነት ግን ቀላል ቃል አይደለም።

ሦስተኛውና ብዙ ያልታሰበበት፣ ቃሉ በገዢው ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ለዘላለም የሆነ ነገር አይሸጥም! ሰዎች በጣታቸው ያለውን አልማዝ ሁሉ ወደ ገበያ ቢመልሱት ዋጋው በወደቀ ነበር። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ «ግዛ» ብቻ ሳይሆን «አትሽጥ» ጭምር ይላል። ልሽጥ ብሎ የሞከረ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ከከፈለው በእጅጉ ያነሰ ዋጋ ይቀርብለታል። ወርቅ ተመዝኖ በዕለቱ ዋጋ ይሸጣል፤ አልማዝ ግን እንዲህ ያለ አንድ ወጥ ሚዛን የለውም።

ማስታወቂያው በዚህ አላበቃም። ሙሽራው ምን ያህል ማውጣት እንዳለበትም ይነግረው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ የሁለት ወር ደመወዝ ተባለ። በጃፓን ዘመቻው በተጀመረበት በ1967 የአልማዝ ቀለበት የሚያደርጉ ሙሽሮች ከመቶ አምስት አይሞሉም ነበር፤ በ1981 ከመቶ ስድሳ ገደማ ደረሱ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የተሠራ «ባህል» ማለት ይህ ነው። ዛሬ ዴቢርስ የቀድሞ ኃይሉ የለውም፤ ቃሉ ግን ከኩባንያው ጉልበት በላይ ኖሯል።

እንግዲህ ይህን ከመህር ጋር እናስተያየው። መህር የሴቲቱ ሐቅ ነው፤ የራሷ ንብረት ነው። ልትለብሰው፣ ልትነግድበት፣ ለክፉ ቀን ልታስቀምጠው ወይም ልትሸጠው ትችላለች፤ ባልም አባትም ሊነጥቃት አይችልም። ሱረቱ አን-ኒሳእ፣ ባል ብዙ ሀብት ሰጥቶ ቢሆን እንኳ ምንም እንዳይመልስባት ያዛል። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ ደግሞ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ምንም የሌለውን ድኻ የብረት ቀለበት እንኳ ፈልጎ እንዲያመጣ አዘዙት፤ እርሱንም ባጣ ጊዜ ከቁርኣን በያዘው አጋቡት። ልብ እንበል፤ እዚያም ቀለበት አለ። ያ ቀለበት ግን ለሰው የሚታይ ማስረጃ ሳይሆን የሚስቲቱ ገንዘብ ነበር። መመዘኛውም የሰውየው አቅም እንጂ የገበያው ወሬ አልነበረም።

ይህን ስንል አልማዝ ለሴት ልጅ ክልክል ነው ማለታችን አይደለም። ያማረ ነገር መውደድም ነውር አይደለም፤ ሴት ልጁን «አልማዝ» ብሎ የሚጠራ ሕዝብ የድንጋዩን ውበት አያውቅም ሊባል አይችልም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ወጣቱ ቀለበት ለመግዛት ሲል ኒካሑን በዓመትና በሁለት ዓመት ሲያዘገይ፣ ወይም ወለድ ባለበት ብድር ውስጥ ሲገባ፣ ትርፉ የማን ነው? የእርሱ አይደለም፤ ዕዳው ግን በእርሱ ላይ ነው። የእርሷም አይደለም፤ በችግሯ ቀን ድንጋዩ የተገዛበትን ያህል አይመልስላትም። ያ ሁሉ ገንዘብ በወርቅ ወይም በጥሬው መህር ቢሆንላት ኖሮ በእጇ የሚቀር ሀብት በሆነ ነበር።

ስለዚህ እኅቴ ሆይ፣ አልማዝ ከወደድሽ በኒካሑ ላይ በመህርነት ይጠራ፤ ያንቺነቱም ይታወቅ። ወንድሜ ሆይ፣ ከመክፈልህ በፊት ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቀው፦ «ይህንኑ ነገ ብመልስልህ በስንት ትገዛኛለህ?» መልሱ ማስታወቂያው ያልነገረህን ይነግርሃል። ዛሬ በፋብሪካ የሚሠራ አልማዝ በዓይን ከማዕድኑ አይለይም፤ ዋጋው ግን እጅግ ያነሰ ነው። ሁለቱ በዓይን የማይለዩ ከሆነ የዋጋቸው ልዩነት ለምን እንደሚከፈል ማሰቡ አይከፋም።

ወላጆችም በዚህ ድርሻ አላቸው። ለልጃቸው የመጣውን ሰው ስለ ዲኑና ስለ ጠባዩ ሳይጠይቁ ስለ ካራት የሚጠይቁ ከሆነ፣ የዚያች የፊላደልፊያ ጽሑፍ ሰባኪዎች ሆነዋል ማለት ነው። ትዳርን የሚያዘልቀው ትዕግሥት፣ አማናና መተዛዘን ነው። እነዚህ በሱቅ መስኮት አይታዩም። አላህ ትዳራችንን የበረከት ያድርግልን። አሚን።