መምሰልና መገናኘት፤ ስለ ዓለማየሁ እሸቴና ስለ ግርማ በየነ የቀረበ አስተያየት

ዓለማየሁ እሸቴ በ2021 ሲያርፍ ብዙዎቹ የውጭ አገር ጋዜጦች ዜናውን ያወጡት «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» በሚል ቅጽል ነበር (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቅጽሉ በክፋት የተሰጠ አይደለም። ዓለማየሁ ራሱ በወጣትነቱ የኤልቪስ ፕሪስሊን ዘፈኖች በእንግሊዝኛ ይዘፍን፥ ጠጕሩንና ልብሱንም በአሜሪካኖች ዐይነት ያበጅ እንደ ነበር አልሸሸገም። ዳሩ ግን አንድን ሰው በሌላ ሰው ስም መጥራት ማክበር ነው ወይስ ማሳነስ? ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ የዚያን ዘመን ዘፋኞች ሁሉ ቀጂዎች ናቸው ብለው ፋይሉን ይዘጉታል። እኛ ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚዘጋ አይመስለንም።

የኤልቪስን ታሪክ ያነበበ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፥ ያ ዘፋኝ ከአሜሪካ ወጥቶ ዝግጅት ያቀረበው በ1957 በካናዳ ብቻ ነው፤ በ1977ም ሞተ። ስለዚህ የጅማው ተወላጅ አርአያውን በመድረክ የሚያይበት ዕድል ከቶ አልነበረውም። የነበረው ሸክላና ፊልም ነው። ምናልባትም ይህ ጕድለት ጠቅሞታል፤ ከሩቅ የሰማውን ሰው ሊመስል የተነሣ ዘፋኝ፥ ያልሰማውን ከራሱ ጨምሮ መሙላት ግድ ይሆንበታልና። በፖሊስ ኦርኬስትራ ከገባ በኋላ ዝናው ከፍ ያለው በአማርኛ መዝፈን ሲጀምር መሆኑን ራሱ ተናግሯል። በ1969 ዐምኃ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ፥ ሸክላ የማሳተም መብት ለመንግሥት ድርጅት ብቻ ተወስኖ ሳለ ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ ሲከፍት፥ ሸክላውን በሕንድ አገር አሳትሞ በመጀመሪያ ያወጣው የዓለማየሁን «ትማርኪያለሽ» ነው። ይህን ዘፈንም ሆነ «አዲስ አበባ ቤቴ»ን በጥሞና ያዳመጠ ሰው፥ የጩኸቱ አወጣጥና የትንፋሹ አቆራረጥ ከአሜሪካ መምጣቱን አይክድም፤ ዜማው ግን የአገራችንን ቅኝት ይዞ ይሄዳል፥ ቃሉም በአማርኛ ልማድ ይጠብቃል ይላላል። ኤልቪስ በዚህ ውስጥ ቢፈለግ የሚገኘው በጥቂቱ ነው።

መምሰልን እንደ ነውር የሚቈጥር ሰው አንድ ጊዜ የካዛንቺስን አዝማሪ ቤቶች ቢያስብ መልካም ነበር። ስሙ ራሱ ከጣልያን የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች የተወረሰው ይህ ሰፈር፥ ለብዙ ዓመታት የማሲንቆ ድምፅ የማይጠፋበት ነበር። በዚያ አዝማሪው «ተቀበል» ሲባል የእንግዳውን ግጥም ተቀብሎ ይደግመዋል፤ ዜማውም ብዙ ጊዜ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ የወረሰው ነው። ማንም ግን ቀጂ አይለውም፤ የሚፈረድበት ደግሞ ሲናገር በሚጨምረው ነገር ነው። በ2024 አሮጌው ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ በስፋት የታወቀው ፈንድቃም ከነበረበት ስፍራ ተነሥቷል፤ ስለዚህ ይህን ፍርድ በዚያው ቦታ ሄዶ መስማት አሁን አይቻልም።

እንግዲህ ተከታዩና አርአያው በአካል ቢገናኙስ? በ1973 ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ መጣ። ዕድሜው 74 ነበር፤ በማግሥቱ ዓመትም ሞተ። የተቀበለው ሌላው የጅማ ልጅ ሙላቱ አስታጥቄ፥ በቦስተን በርክሊ የተማረና ኤሊንግተንን ከመምህራኑ የሚቈጥር ሰው ነው። ሙላቱ የኤሊንግተንን ዜማ አስመስሎ አልጠበቀውም፤ የአገሩን መሣሪያዎች አሳየው፥ በኢትዮጵያ ቅኝት የደረሰውንም «ደወል» የተባለ ሥራ ለእንግዳው ኦርኬስትራ አቀናብሮ ሰጠው። ለታላቅ ሰው የራሱን ጥላ መልሶ ማሳየት ምን ያስደስተዋል? እንግዳ ወደ ቤት ሲመጣ በቤት ያለውን ማቅረብ የአገራችን ወግ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ግን የግርማ በየነ ጕዳይ ነው። ግርማ ፒያኖ ተጫዋችና አቀናባሪ ነው፤ ከዓለማየሁ ጋራ ዓለም-ግርማ ባንድን አቋቁሟል፥ ሌሎች የዘፈኑአቸውን ከስድሳ የማያንሱ ዘፈኖች አቀናብሯል፤ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለውም ድርሰት የእርሱ ነው። ይህን ድርሰት ያጫወተው ዋልያስ ባንድ በ1970ዎቹ ዓመታት በካዛንቺስ አጠገብ ባለው በሒልተን ሆቴል ቋሚ ባንድ ነበር፤ የሰዓት እላፊ በታወጀበት ጊዜ ወደ ቤቱ ሊሄድ ያልቻለው እንግዳ እስኪነጋ እዚያው ይቈይ ነበር። በ1981 ግርማ ከባንዱ ጋራ ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ ለብዙ ዓመታትም ከመድረክ ጠፋ። በዚህ መካከል ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርእስ የድሮውን ሸክላ እየሰበሰበ በፈረንሳይ ሲያሳትም፥ በፓሪስ፥ በብሪታኝ፥ በቦስተን የእኛን ዘፈን የሚያጠኑ ባንዶች ተነሡ። የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ በ2008 በኒው ዮርክ ከዓለማየሁ ጋራ ተጫወተ፤ አስመሳዩ በተራው የሚመሰል ሆነ ማለት ነው። አካሌ ውቤ የተባለውም የፓሪስ ባንድ ወደ አገሩ የተመለሰውን ግርማን አግኝቶ ከእርሱ ጋራ በ2017 «ሆን ተብሎ የተሠራ ስሕተት» የሚል ትርጕም ያለው አልበም አወጣ።

ይህን አልበም ስናመዛዝን ውዳሴ ብቻ ልናቀርብ አንወድም። ፈረንሳዮቹ ትጉ ተማሪዎች ናቸው፤ እንዲያውም ትጋታቸው አንዳንድ ጊዜ ይበዛል። በአሮጌው ሸክላ ላይ ጡሩምባው ትንሽ ቀድሞ ሲገባ፥ የማይክሮፎኑም ጕድለት የዘፋኙን ድምፅ ሲያሻክር አንድ የሚያሳዝን ጣዕም ነበረው፤ እነዚህ ግን ሁሉን ነገር ጠርገውና አስተካክለው ያቀርባሉ። ግርማ ሲዘፍን ነገሩ ይለወጣል። ድምፁ አርጅቷል፥ ቃሉን ከምቱ ጥቂት ወደ ኋላ ይጥለዋል፤ ባንዱም በዚያን ጊዜ ከሸክላው የተማረውን ትቶ ሰውየውን መከተል ይጀምራል። ተማሪዎቹ መምህሩን ያገኙት በዚያች ቅጽበት ነው ብንል ማጋነን አይመስለንም። ለግርማም ቢሆን ግንኙነቱ ከንቱ አልሆነም፤ በወጣትነቱ ለሌሎች ሲያቀናብር ኖሮ በገዛ ድምፁ በሸክላ ያስቀረጻቸው ዘፈኖች አራት ብቻ ነበሩና።